ለመኪና ቀለም የሚሆን የፖሊሽ ማሽን እንዴት እንደሚመረጥ

ክረምቱ ወጥቶ የመስከረም ፀሐይ ፍንትው ስትል፣ ታጥቦ የደረቀ ጥቁር መኪና ኮፈን ላይ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ብርሃኑ ባረፈበት ቦታ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይታያል። ጅማ ውስጥ የጭረቱን ምንጭ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀዩ አፈራችን ነው። በክረምት ጭቃ ሆኖ ይለጠፋል፣ በበጋ ደቆ አቧራ ሆኖ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገን ሞተር እናስነሳለን። እያንዳንዷ ቅንጣት ከጨርቁ ሥር ሆና ቀለሙን ትጭራለች።

ሰም መቀባት ጭረቱን ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል እንጂ አያነሳውም። የሚያነሳው ፖሊሽ ነው፤ ሙሉ መኪና በእጅ ፖሊሽ ማድረግ ደግሞ ክንድ ይገድላል፣ ውጤቱም ዥንጉርጉር ይሆናል። ስለዚህ ማሽን መግዛት የሚያስቡ ሰዎች እየበዙ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለውን መኪና አክብሮ መያዝ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል።

ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ የሚጀምሩት በዋት ነው፤ «ስንት ዋት ልግዛ?» ይላሉ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው። የማሽኑን ዓይነት የሚወስነው መኪናው ላይ የቀረው ቀለም እና ማሽኑን የሚይዘው እጅ ነው። ዋቱ በኋላ ይመጣል።

1. ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ቀለሙን ይመርምሩ

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ላሜራው ላይ በቅደም ተከተል መሠረት ቀለም፣ ዋናው ቀለም እና ከላይ የሚያብለጨልጨው ክሊር ይኖረዋል። ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን እንደሚጠጋ ካሰቡ፣ የምንሠራው ከፀጉር በቀጠነ ነገር ላይ ነው ማለት ነው። ፖሊሽ ደግሞ ቀለም አይጨምርም፤ ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ክሊሩን በጥቂቱ ይልጣል። ጠንከር ባለ ኮምፓውንድ (ሻካራ ፖሊሽ) አንድ ዙር መሥራት ጥቂት ማይክሮን ይዞ ይሄዳል። የሄደውን የሚመልሰው ደግሞ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ በጥፍርዎ ጭረቱን አቋርጠው ይለፉ። ጥፍር ከያዘው ጭረቱ ጥልቅ ነው፣ ማሽን ሊያነሳው ሲሞክር ክሊሩን ይጨርሰዋል። ሁለተኛ፣ መኪናው ክሊር ይኑረው አይኑረው ይለዩ። አንዳንድ የቆዩ መኪኖች፣ በተለይ ነጮቹ፣ ያለ ክሊር የተቀቡ ናቸው። በማይታይ ቦታ ትንሽ ፖሊሽ በጨርቅ ያሹ፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከመጣ ክሊር የለም። ለነጭ መኪና ጥቁር ጨርቅ ይጠቀሙ፣ ያለዚያ ምንም አይታይዎትም። ሦስተኛ፣ መኪናው ከዚህ በፊት ተመትቶ ተቀብቶ እንደሆነ ይወቁ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ካገኙ ጥሩ ነው። ካላገኙ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በራፉና ፓራፋንጎው ላይ ያስጠጉ፤ መያዙ የሚላላበት ቦታ ካለ ከሥሩ ስቱኮ (የተመታ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ) ሊኖር ይችላል። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ እጅ ቀለል ይበል።

ጣሪያው ወይም ኮፈኑ ላይ ክሊሩ ነጭ ሆኖ እየተላጠ ከሆነ ማሽን አይግዙ። ገንዘቡን ለቀለም ቀቢ ይያዙት።

2. የማሽኑን ዓይነት ይምረጡ

ሮታሪ የሚባለው እንደ ወፍጮ ነው፤ ፓዱ፣ ማለትም ቀለሙን የሚያሸው ክብ ስፖንጅ ወይም የበግ ፀጉር፣ በአንድ ዘንግ ላይ ባለበት ይሽከረከራል። በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ይሄዳል። ኃይለኛ ነው፣ ቶሎ ይቆርጣል፣ ግን ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ ያከማቻል። ሁለት ሰከንድ ከዘገዩበት፣ በተለይ የበር ጠርዝ ወይም የኮፈን መስመር ላይ፣ ክሊሩን አቃጥሎ ያልፋል። ባልለመደ እጅ ሲሠራበት ፀሐይ ላይ የሚታይ ቀስተ ደመና የመሰለ ጥላ ይተዋል። አዲስ ቀለም ረጭተው በ1,500 ወይም በ2,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሱ ቀቢዎች ይህን ማሽን ይፈልጉታል፤ ሥራቸው ነው፣ እጃቸውም ተገርቷል።

ዱዋል አክሽን፣ ካርቶኑ ላይ ዲኤ ተብሎ የሚጻፈው፣ ሌላ ነው። ምጣድ የምታስስ ሴት እጅ አይተው ከሆነ ነገሩ ይገባዎታል፤ እጇ ትንንሽ ክብ እየሠራ ምጣዱን ሁሉ ይዞራል። የዲኤ ፓድም ይሽከረከራል፣ ከመሃሉም ወጣ ገባ ይላል። ስለዚህ ሙቀቱ ይበተናል። አብዝተው ከተጫኑት ወይም ካጋደሉት መሽከርከሩን ያቆምና ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ይህ መቆሙ አንዳንዱን ገዢ «ደካማ ነው» ያሰኘዋል፤ የጀማሪን መኪና የሚያድነው ግን ይኸው ነው።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እንደ ዲኤ እየተወዛወዘ በጥርስ የሚነዳ፣ ቢጫኑትም የማይቆም። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ውድ ነው፣ ለመጀመሪያ ማሽን አያስፈልግዎትም።

የራሱን መኪና፣ የቤተሰቡን፣ አልፎ አልፎም የጎረቤት መኪና ለሚሠራ ሰው መልሴ ዲኤ ነው። ላቫጆ ያላችሁና ደንበኛ የምትቀበሉም በዲኤ ጀምሩ። ሮታሪው ከዓመት በኋላ ሊገዛ ይችላል፤ የተቃጠለ የደንበኛ ኮፈን ግን ገንዘብም ስምም ይዞ ይሄዳል።

3. ግራይንደርን ፖሊሽ ማሽን አድርገው አይያዙ

ይህን ለብቻው የማነሳው ጉዳቱን ስለማውቀው ነው። ብረት መቁረጫው ግራይንደርና ሮታሪ ፖሊሽ ማሽን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥርስ አላቸው፤ 14 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው። ስለዚህ የበግ ፀጉር ፓዱ ግራይንደሩ ላይ ልክ ይገባል። ልክ መግባቱ ነው ሰውን የሚያታልለው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሽከረከራል፤ ሮታሪ ፖሊሽ ማሽን ሲሠራበት የምንፈልገው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 አይበልጥም።

ከዓመታት በፊት በተዋስኩት ግራይንደር የአጎቴን ኮሮላ ልሠራ ተነሳሁ። የቀኝ ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም፤ መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ ግራጫው መሠረት ቀለም ወጣ። አጎቴ «ተወው፣ አንተ ደህና ሁን» አለኝ። መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ግን ያ ግራጫ ጠርዝ በግቢው በር ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ይገባ ነበር። ዙር መቀነሻ ያለው ግራይንደር አለ የሚሉ አሉ። እሱም ቢሆን ዝቅተኛ ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ ለቀለም ብዙ ነው።

4. መጠኑን ከመኪናዎ ጋር ያስማሙ

ዲኤ ሲገዙ ሁለት ቁጥር ይመለከታሉ። አንዱ ፓዱ የሚለጠፍበት ሳህን ስፋት ነው፤ 75፣ 125 ወይም 150 ሚሊ ሜትር። ሌላው የውዝዋዜው፣ ማለትም ፓዱ ከመሃሉ ወጣ ገባ የሚልበት፣ ስፋት ነው፤ 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር። ውዝዋዜው ሲሰፋ ሥራው ይፋጠናል፣ ነገር ግን ጎበጥ ባለ ቦታ ላይ ፓዱ መሽከርከሩን ቶሎ ያቆማል።

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ላላቸው 125 ሳህንና 15 ሚሊ ሜትር እመርጣለሁ። የትንንሽ መኪኖች ገጽ ጉብታና መስመር ይበዛዋል። ላንድክሩዘር ወይም ሚኒባስ ከሆነ፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ገጽ ስላለው 150 ሳህንና 21 ሚሊ ሜትር ጊዜ ይቆጥባል። 75ቱ ለመስታወት ጀርባ፣ ለእጀታ ዙሪያና ለመስኮት ምሰሶ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛ ማሽን እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

ፓዱ ከሳህኑ ትንሽ መስፋት አለበት። እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ የሳህኑ ጠርዝ ቀለሙን ይመታዋል።

5. የመብራቱን ነገር አጥብቀው ይዩ

አገራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ መሣሪያ 100 ቮልት፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ደግሞ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን እንደወረደ ከሰኩት በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። የሶኬቱን ቅርጽ አይመኑ፤ ሶኬት ይቀየራል። ማሽኑ አካል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ዋት አሁን ይምጣ። ለዲኤ ከ500 እስከ 900 ዋት በቂ ነው፣ ሮታሪ ብዙ ጊዜ ከ1,000 በላይ ነው። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ጄኔሬተሩ ከማሽኑ ዋት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ማሽን ሲነሳ የሚስበው ይበልጣል። ቀስ ብሎ የሚነሳ ማሽን ለሞተሩም ለጄኔሬተሩም ደግ ነው፤ ኮምፓውንዱንም ግድግዳ ላይ አይረጭም። ባትሪ የሚሠሩትም አሉ። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ደስ ይላሉ፣ ግን አንድ ባትሪ ሙሉ መኪና አይጨርስም፤ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ባትሪ አብሮ ማሰብ ነው።

6. ሱቅ ውስጥ ሳይሞክሩ አይክፈሉ

እዚሁ ጅማ ሂርማታ ገበያ ዙሪያ ካሉ የዕቃ መደብሮች ገዝተውም ይሁን ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ ሻጩን «ወንድሜ፣ ሰካውና ላየው» ይበሉት። ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ሳይጫን በፊት የሚሞክርልዎት ሰው ይላኩ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል መልሶ መላክ ትርፉ ድካም ነው።

ሳህኑ ላይ በማርከር አንድ መስመር ያስምሩ። በዝቅተኛው ፍጥነት ያስነሱት፣ እየጨመሩ ይሂዱ። ፍጥነቱ በቁጥሩ ልክ ካልተለወጠ፣ ኩሽኔታው ከጮኸ፣ እጅ የሚያደነዝዝ ንዝረት ካለው ይተውት። ማጥፊያው ያለ ጣት እንዲቆይ የሚያደርግ መቆለፊያ ይኑረው። ክብደቱን እንደ ሥራ ሰው ይያዙት፤ 2 ኪሎ ተኩል ለሦስት ሰዓት ሲያዝ ሌላ ነገር ነው። መለዋወጫ ካርቦን (ለሞተሩ መብራት የሚያስተላልፈው፣ እያለቀ የሚቀየረው ቁራጭ) አብሮት መኖሩን ይጠይቁ። ካርቦኑ የማይገኝለት ማሽን፣ ስሙ ምንም ያህል ቢገን፣ አንድ ቀን መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ታዋቂ ስም የተለጠፈበት በጣም ርካሽ ማሽን ካዩም ይጠርጥሩ።

ገንዘቡን ሁሉ ማሽኑ ላይ አይጨርሱ። አንድ ፓድ ለሙሉ መኪና አይሆንም፤ ይሞቃል፣ ይሞላል፣ መቁረጡን ያቆማል። አራት ወይም አምስት ስፖንጅ ፓድ፣ ለስላሳና መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፖሊሽ፣ ደርዘን የማይክሮፋይበር ጨርቅና የቀለም ሰሪዎች ፕላስተር አብረው ይገዛሉ። መካከለኛ ዋጋ ያለው ማሽን ከጥሩ ፓድ ጋር፣ ውድ ማሽን ከአንድ ያረጀ ፓድ ጋር ከሚሠራው በእጅጉ ይበልጣል።

7. የመጀመሪያው ሙከራ

መኪናውን በብዙ ውኃና ሳሙና ይጠቡ፣ በደረቅ አያብሱት። ጥላ ሥር ያቁሙት፤ የጋለ ላሜራ ላይ ፖሊሹ ወዲያው ይደርቃል። ጠርዞቹን፣ የፕላስቲክና የጎማ ክፍሎቹን በፕላስተር ይሸፍኑ። ኮፈኑ መሃል ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቦታ ይከልሉ።

በቀላሉ ይጀምሩ፤ ለስላሳ ፓድና ለስላሳ ፖሊሽ። አራት ወይም አምስት ጠብታ ፓዱ ላይ ያድርጉ፣ ማሽኑን ሳያስነሱ ቦታው ላይ ያዳርሱት፣ ከዚያ በዝቅተኛ ፍጥነት ይዘርጉት፤ የፍጥነት ቁጥሩን ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርገው በዝግታ፣ ግማሽ በግማሽ እየደረቡ፣ በአግድምና በቁልቁል ይሂዱ። አምስት ዙር ይበቃል። ሳህኑ ላይ ያሰመሩት የማርከር መስመር እየዞረ መሆኑን ዓይንዎ ይከታተል፤ ከቆመ ጫናውን ይቀንሱ። ጠርገው በስልክዎ መብራት ይመልከቱ። ጭረቱ ካልወጣ መጀመሪያ ፓዱን ብቻ ይለውጡ፣ ያም ካልበቃ ፖሊሹን።

ከአሥሩ ጭረት ዘጠኙ ከወጣ እዚያ ላይ ያቁሙ፤ የቀረው አንድ ክሊሩን ይዞ እንዲቆይ ይተዉት። በዚያ ግማሽ ሜትር ላይ የሠራልዎትን ፓድ፣ ፖሊሽና ፍጥነት ወረቀት ላይ ይጻፉና ሌላውን የመኪናውን ክፍል በዚያው ይቀጥሉ። ሲጨርሱ ፓዶቹን አጥበው ያድርቁ፣ ማሽኑንም ፓዱን ነቅለው በጎኑ ያስቀምጡት፤ በፓዱ ላይ የተቀመጠ ማሽን ስፖንጁን ያጣምመዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ሥራው ይንቀጠቀጥብዎታል።