ሦስተኛ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የፒክአፕ ውሃ ፓምፕ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚበላሽ ለማወቅ

በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት የውሃ ፓምፕ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ የሚያዞረው ዕቃ) ቀየርኩ። መኪናዬ «3ኤል» የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያላት አሮጌ ሃይሉክስ ናት፤ ከመተሐራ ሽንኩርት ጭኜ አዳማ አራግፋለሁ። የመጀመሪያው ሲሄድ «ዕድሜው ደርሶ ነው» አልኩ። ሁለተኛው ሲሄድ «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብዬ ሻጩን ረገምኩ። ሦስተኛውን ተበድሬም ቢሆን ኦሪጅናሉን ገዛሁ፤ እሱም አሥር ሳምንት ሳይሞላው ማንጠባጠብ ጀመረ። ሻጩን በከንቱ ነበር የረገምኩት። ፓምፖቼን የሚገድለው ነገር መኪናው ላይ ነበር፤ ፓምፕ በቀየርኩ ቁጥር በእጄ ፈትቼ በእጄ መልሼ አስረዋለሁ።

ይህን የምጽፈው በተለይ ፋኑ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) በቀጥታ ፓምፑ ላይ ለሚታሰርባቸው መኪኖች ነው፤ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሃይሉክሶች እንደዚያ ናቸው። ፋኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ያላችሁ የፋኑን ክፍል ዝለሉት፤ ሌላው ይጠቅማችኋል።

1. በእርግጥ ፓምፑ መሆኑን አረጋግጡ

ውሃ ስለጎደለ ብቻ ፓምፕ አይቀየርም። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፣ ውሃ ሙሉና ክዳኑን ሳትመልሱ አስነሱት። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አየር ነው። አረፋው ግን ሳያቋርጥ ከተንፈቀፈቀ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ድንጋይ ከሆነ፣ ችግሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል ፓምፑን ተዉትና ወደዚያ ሂዱ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ጨርቅ ደርባችሁም ቢሆን ክዳኑን አትክፈቱ።

ፓምፑ ከሆነ ምልክቱ ከሆዱ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳዋ የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ የውስጥ ማሸጊያው ሲያረጅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው (ዘንጉ እንዲዞር ደግፎ የሚይዘው ክፍል) ከመግባቱ በፊት በእሷ በኩል ይፈስሳል። በኩላንት ከነዳችሁ ቀለም ያለው፣ በተራ ውሃ ከነዳችሁ ነጭ ወይም የዝገት መስመር ታገኛላችሁ።

ቀዳዳዋን እንድትደፍኑ የሚመክራችሁ ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉ። ሁለተኛው ፓምፕ ማንጠባጠብ ሲጀምር «ለጊዜው» ተብሎ በሲሊኮን ተደፍኖልኝ ነበር፤ እኔም ፈቅጄ ነው። ማንጠባጠቡ ቆመ፣ ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ግን ሙሉ ጭነት ይዤ ወለንጪቲ ሳልደርስ አንድ የሚፋጭ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የጎማ ሽታ መጣ። መውጫ ያጣው ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ቅባቱን አጥቦት ነበር፤ ፓምፑ ነክሶ መዞር አቆመ፣ ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) ተቃጠለ። ጌጁ ወደ ቀይ ሲሄድ ወዲያው ባላጠፋው ኖሮ ቴስታታውም አብሮ ይሄድ ነበር። ሽንኩርቱ እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ዋለ።

2. የሞተውን ፓምፕ አትጣሉት፣ አንብቡት

ሦስተኛው ሲበላሽ አንድ የቆዩ መካኒክ ዘንድ ሄጄ «ጋሼ፣ ፓምፑ ደግሞ ሄደ» አልኳቸው። መኪናውን እንኳ አላዩም። «ልጄ፣ የድሮዎቹን ጥለሃቸዋል?» አሉኝ። እንደ ዕድል ሦስቱም ወንበር ሥር ነበሩ። ጆንያ አንጥፈው በተርታ ደረደሯቸውና የእያንዳንዱን ዘንግ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወዘወዙ። ከዚያ «ሦስቱም በአንድ በሽታ ነው የሞቱት» አሉ። እኔ ፓምፕ ስገዛ የኖርኩት አንድ ጊዜ እንኳ ዘንጉን ሳልወዘውዝ ነበር።

እንዲህ ይነበባል። ፓምፑን ስትፈቱ አትጠቡት። መጀመሪያ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሞክሩት፤ ቀጥላችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። ዘንጉ ጠንካራ ሆኖ፣ ያለ መንገጫገጭ እየዞረ ውሃ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ቀድሞ የሞተው ማሸጊያው ነው፤ ጥፋተኛውን ውሃው ውስጥ ፈልጉት። ዘንጉ የሚወዛወዝ ወይም ሲዞር እንደ አሸዋ የሚንገራገጭ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የሞተው ኩሽኔታው ነው፤ ዘንጉ ሲወላገድ ማሸጊያውን ይዞት ሄዷል። ይህ ከሆነ ጥፋተኛው ከውጭ ነው፦ ፋን፣ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት መዘውር) ወይም ቺንጋ።

ከዚያ ገልብጣችሁ ውሃውን የሚገፋውን ክንፍ እዩ። ጠርዙ በምስጥ እንደተበላ ተቦርቡሮ ከሆነ ዝገት ወይም ውስጥ ሲፈላ የነበረ ውሃ ነው። ነጭ ጠጣር ቅርፊት ከያዘ የምትጨምሩት ውሃ ማዕድን የበዛበት ነው። የኦሪጅናል ፓምፕ ክንፍ ከተቦረቦረ ሌላ ኦሪጅናል መግዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። እያፈሰሰ ብዙ የተነዳ ፓምፕ ላይ ማሸጊያውም ኩሽኔታውም አብረው ስለሚሞቱ የቱ እንደቀደመ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ጠብታው እንደታየ ፍቱት።

3. ፋኑንና ፋን ክላቹን ፈትሹ

የእኔ ጥፋተኛ እዚህ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። ፋኑና ክላቹ (ፋኑን ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘው ክፍል እንጂ የማርሹ ክላች አይደለም) ከፓምፑ አፍንጫ ላይ ወደ ፊት ተንጠልጥለው በደቂቃ በሺዎች ዙር ይሽከረከራሉ። ትንሽ ሚዛን ከሳቱ ያን ሁሉ ምት የሚሸከመው አውራ ጣት የማያክል የፓምፑ ዘንግ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡና ቺንጋዎቹን አውልቁ። የፋኑን ጫፍ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። የሚወዛወዝ ከሆነ የሚወዛወዘው ፓምፑ ነው ወይስ ክላቹ የሚለውን ለዩ፤ በአንድ እጅ ፑሌጃውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ በሌላው ፋኑን ብቻ አንቀሳቅሱ። ፑሌጃው ጸጥ ብሎ ፋኑ ከተንቀሳቀሰ የክላቹ ኩሽኔታ አልቋል። ክላቹ ፊት ላይ ቅባት የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ አቧራ ይዞ ካያችሁም ውስጡ ያለው ሲሊኮን ዘይት እየወጣ ነው፤ ይቀየር።

ክላቹ ደህና ቢመስልም አትቁሙ። እኔ ሁለት ጊዜ እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። ቀጭን ሽቦ ከራዲያተሩ ፍሬም ጋር እሰሩና ጫፉን ከአንዱ የፋን ክንፍ ጫፍ አጠገብ፣ ሊነካው ምንም ሳይቀረው አቁሙ። ከዚያ ፋኑን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። እያንዳንዱ ክንፍ በሽቦው ጫፍ ሲያልፍ ያው ክፍተት መታየት አለበት። የእኔ ላይ ሦስት ክንፎች በእኩል አለፉ፣ አራተኛው ሽቦውን ገፋው፣ ቀጣዩ የጣት ጥፍር እስኪያስገባ ድረስ ራቀ። ክንፉን ሳየው ሥሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረው። የፋን መከለያው ውስጥም ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የተላጨ፣ የሚያብረቀርቅ ቦታ አገኘን። ምክንያቱ ከአንድ ዓመት በፊት የተበጠሰ የሞተር መቀመጫ ጎማ ነበር፤ ሞተሩ ጉድጓድ ላይ ሲዘልል ፋኑ መከለያውን መትቶ ነው። ጎማውን ያኔውኑ ቀይሬዋለሁ፤ ፋኑን ግን ማንም አላየውም።

የተሰነጠቀ ፋን አይጣበቅም፣ አይበየድም። ሲበጠስ ራዲያተሩንም ኮፈኑ ሥር ያጎነበሰውንም ሰው ሊመታ ይችላል።

4. ቺንጋና ፑሌጃ

ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታን ይበላል። «እንዳይጮኽ» ተብሎ ዲናሞውን በብረት ፈልቅቆ መወጠር የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይስመጥ። ሁለት ቺንጋ ያለው መኪና ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አዲሱና አሮጌው አብረው ከታሰሩ ጭነቱን የሚሸከመው አንዱ ብቻ ነው። ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን ቀጥ ያለ ብረት ወይም ሲባጎ ወጥራችሁ እዩ።

5. ውሃውና ክዳኑ

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ክዳኑ ያልያዘው ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና የሆነ፣ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን ግን መፍያውን ወደ 115 ያደርሰዋል። ከመተሐራ ወደ አዳማ ያለው መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ በጭነትና በሙቀት ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ፓምፑ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ሲፈነዳ ክንፉን ይቦረቡራል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ከሁሉም ዕቃ ርካሹ እሱ ነው፤ ስትገዙ ግን ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ውሃ አትጨምሩ። መተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ አስፋልቱ ሥር ስላለ አንድ ጀሪካን መቅዳት ይቀላል፤ ውሃው ግን ጨዋማ ነው፣ ብረት ይበላል። የጉድጓድ ውሃም በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብዙ ጊዜ ማዕድን የበዛበት ነው። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ፤ ለመንገድ የሚሆን ትርፍ ከዚያው በጀሪካን ያዙ። ቴርሞስታቱን (የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) «አገሩ ሞቃት ነው» ብሎ አውጥቶ መጣልንም አልደግፍም፤ በብዙ ሞተሮች ላይ እሱ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ይመለሳል።

የፓምፑ ክንፍ ተበልቶ ውሃውም ክዳኑም ደህና ከሆኑ በውሃው ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ጠርጥሩ። ሞተሩን አስነስታችሁ መብራቱን አብሩ፤ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጥቁር ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ብረት ሳይነካ ኩላንቱ ውስጥ አድርጉ። ይህን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነው የምትሠሩት። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ የሞተሩ ወይም የቻሲው መሬት (ኔጌቲቭ) ሽቦ ላልቷል ወይም ዝጓል፤ አጽድታችሁ እሰሩት።

6. አዲሱን ስታስሩ

የድሮውን ጓርኒሲዮን በሙሉ ፍቁ። ሲሊኮን ካስፈለገ ክር የሚያህል ብቻ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ተበጥሶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ፓምፑ አልገባ ካለ ዘንጉን በመዶሻ አትምቱ፣ ኩሽኔታው ያኔውኑ ይጎዳል። ቡሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ውሃ ሳትሞሉ «ድምፁን ልስማ» ብላችሁ ለአንድ ደቂቃም አታስነሱት፤ ማሸጊያው በደረቁ ይቃጠላል።

አዲስ ቺንጋ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ውጥረቱን ድገሙት። እኔ አዲስ ፋን፣ አዲስ ክላችና አራተኛውን ፓምፕ በአንድ ቀን አሰርኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ሽቦዋ ግን አሁንም ወንበር ሥር አለች፤ የሞተር ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ፋኑን በእሷ እለካለሁ።