አርባና ሰማንያ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልደው የእህቴ ልጅ

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር እኔ ቤት ቡና እየጠጣን «እትዬ፣ ከወለድኩ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው መቼ ነው?» አለችኝ። «ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ» ብዬ ልገላገላት ስል የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ።

የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ሐምሌ 16 ተወለደች። በጣቴ ቆጥሬ ክርስትናዋን ጥቅምት 5 አልኩና ዘመድ ጠራሁ፣ ጠላም ለዚያው እንዲደርስ ጠነሰስኩ። የክርስትና እናቷ መጥታ «ጳጉሜንስ የት ጣልሻት?» ስትለኝ ደነገጥኩ። ሰማንያው መስከረም 30 ነበር። እንግዳው ያልደረሰ ጠላ ጠጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬም ያነሡብኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ አቆጣጠሩን ያዢ። የተወለደበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ለወንድ በልደቱ ቀን ላይ አንድ ወር ከ9 ቀን፣ ለሴት ሁለት ወር ከ19 ቀን ጨምሪ። መስከረም 1 ወንድ ብትወልጂ ጥቅምት 10፣ ሴት ብትወልጂ ኅዳር 20 ይሆናል። ጌታችን ታኅሣሥ 29 ተወልዶ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበትን በዓል የካቲት 8 የምናከብረው በዚሁ ስሌት ነው። በመካከል ጳጉሜን ከገባች ካገኘሽው ቀን ላይ 5 ቀንሺ፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ከሆነ 6።

ሕጉ ያለው ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይ ነው፤ ስምንት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ራስሽ አንብቢው። ወንድ የወለደች 7 ቀን እንደ ወር አበባዋ ጊዜ «ርኩስ» ተብላ ትቆያለች፣ በስምንተኛው ቀን ልጁ ይገረዛል፣ ከዚያ 33 ቀን ትጨምራለች። ሴት የወለደች 14 ቀን፣ ከዚያም 66። እጥፍ የሆነበትን ምክንያት ምዕራፉ አይናገርም፤ አባቶቻችን የሚጠቅሱት መጽሐፈ ኩፋሌን ነው፤ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። ግርዛቱ የተጻፈው ለወንድ ልጅ ብቻ መሆኑንም ልብ በዪ። ሴት ልጅን እናስገርዝ የሚል ቢመጣ በኦሪቱ አይመካብሽ፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይከለክለዋል።

«ርኩስ» የሚለው ቃል እንዳስከፋሽ ፊትሽ ላይ አይቻለሁ። እኔንም ያስከፋኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ምን እንደተከለከለ ተመልከቺ፦ የተቀደሰ ነገር መንካትና መቅደስ መግባት። ምዕራፉ ሌላ ክልከላ አይጠቅስም። ይህን የተማርኩት በሕይወቴ ነው።

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው። ዘጌ መሬቱ አይታረስም፣ ቡና ብቻ ነው፤ ለገንፎዬ የሚሆነው ገብስ እንኳ ከባሕር ዳር ገበያ በጀልባ ይመጣ ነበር። በ11ኛው ቀን ብርድ ብርድ ብሎኝ አተኮሰኝ፤ የሚፈሰኝም መሽተት ጀመረ። አማቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ «ገና አልነጻችም፣ ከደጅ አትወጣም፣ ምች ይመታታል» ብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። አራስ ነብር የሚባለው እናትየዋ እንጂ አማት አይመስለኝም ነበር። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው ሲያዩኝ «ሕጉ ቤተ መቅደስ አትግባ አለ እንጂ ሐኪም ቤት አትሂድ የት አለ?» አሏት። በጋቢ ተጠቅልዬ ጀልባ ላይ ተጫንኩ። ነፋሱ ውኃውን ፊቴ ላይ ይረጨዋል፤ በክብራን ገብርኤል ገዳም አጠገብ ስናልፍ ከሩቅ ተሳለምኩ። ሐኪሙ ማሕፀኔ ቆስሏል ብሎ አስተኛኝ። ሁለት ቀን ብቆይ ኖሮ ይህን የምጽፍልሽ እኔ አልነበርኩም።

እነዚህን ካየሽ ቀኑን ሳትቆጥሪ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ፦ ፓዱን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ ዓይን ከማደብዘዝ ጋር የማይለቅ ራስ ምታት፣ የአንድ እግር ባት አብጦ መታመም። ቀላል ከመሰለሽም ሂጂ፤ ቢያንስ ተመርምረሽ ትመለሻለሽ።

የቀረው የአራስ ቤት ወግ ነው፤ እሱን ለእኛ ተዪው። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይገባበታል፣ አጥሚቱ በየቀኑ ይፈላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ጠያቂ አያልቅም። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚባለው ለምን እንደሆነ አንዳንዱ መንፈስ ይላል፣ እኔ ግን ውኃ እንኳ የሚያቀብል ሰው ስለሚያስፈልግሽ ነው እላለሁ። አንድ ነገር ግን አልደራደርም፦ ለሕፃኑ ቅቤ ማስላስ የለም። እስከ ስድስት ወሩ ከጡትሽ በቀር ምንም አይቀምስም።

ለክርስትናው ቀን ነጭ ልብስና ለአንገቱ የሚታሰር ማተብ አዘጋጂ። ለወንድ ክርስትና አባት፣ ለሴት ክርስትና እናት አስቀድመሽ ለምኚ። ሕፃኑ ተጠምቆ ሜሮን ከተቀባ በኋላ ቅዱስ ቁርባን ስለሚቀበል፣ በዚያ ቀን ከቁርባኑ በፊት ከስንት ሰዓት ጀምሮ ጡት እንደማይጠባ ካህኑን ጠይቂ። ልጁ በጠና ቢታመም ግን አርባ አይጠበቅም፤ ቶሎ ካህን ይጠራል፣ ሌላ ሰው አቅፎት ይገባል፣ አንቺ ቀንሽ እስኪሞላ ከውጭ ትቆያለሽ።

ድግሱን በብድር አታድርጊው። ኦሪቱ የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ርግብ ወይም ዋኖስ ይጠይቅና አቅም ላነሳት ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት ርግብ ይበቃታል ይላል። እመቤታችን ያቀረበችው ይህንን የድሃ መሥዋዕት መሆኑን ሉቃስ ምዕራፍ 2 ላይ ታገኚዋለሽ። ባልሽ ሙክት እያለ ሲያስቸግርሽ እዚያ ላይ ክፈቺለት።

የክትባቱን ካርድ ከማተቡ ጋር አንድ ላይ አስቀምጪው። የስድስት ሳምንቱ ክትባት ለወንድ ከክርስትናው ጥቂት ቀን በኋላ ይውላል፤ ሴት ከሆነች ግን ከሰማንያው ብዙ ይቀድማልና ክርስትናዋን ሳትጠብቂ ይዘሻት ሂጂ። እኔ ገብሱን ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ እገዛለሁ፤ ጠላውን ግን ቀኑን ሁለት ሰው ሳይቆጥርልኝ አልጠነስስም።