የጎነ ሦስቶችን ስፋት በጥምርታ ማነጻጸር

የሁለት ጎነ ሦስቶችን ስፋት ለማነጻጸር የእያንዳንዳቸውን ስፋት ማስላት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ቁመታቸው ካልተሰጠማ ማስላቱም ላይቻል ይችላል። በቅድሚያ መፈለግ ያለበት ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ነው። ስፋት የመሠረትና የቁመት ብዜት ግማሽ በመሆኑ፣ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ጎነ ሦስቶች የስፋት ጥምርታ ከመሠረቶቻቸው ጥምርታ ጋር አንድ ነው፤ መሠረታቸው እኩል ሲሆን ደግሞ የቁመቶቻቸውን ጥምርታ ይከተላል።

ስፋቱ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎነ ሦስት «ሀለመ»ን እንውሰድ። በጎን «ለመ» ላይ ነጥብ «ረ»ን እናስቀምጥ፤ የ«ለረ» እና የ«ረመ» ጥምርታም 2 ለ 3 ይሁን። «ሀ»ን ከ«ረ» ጋር ስናገናኝ የሚፈጠሩት ሁለት ጎነ ሦስቶች ቁመታቸው አንድ ነው፤ ከ«ሀ» ወደ መስመር «ለመ» ቀጥ ብሎ የሚወርደው ርቀት ለሁለቱም ያገለግላልና። ይህ ቁመት ከአንደኛው ጎነ ሦስት ውጭ ማረፉ ብዙዎችን ያደናግራል፤ ሆኖም ስሌቱን አይለውጠውም። ስለዚህ 40ን ለ5 አካፍለን በ2 እና በ3 ስናባዛ «ሀለረ» 16፣ «ሀረመ» ደግሞ 24 ይሆናሉ።

አሁን በ«ሀረ» ላይ፣ የ«ሀበ» እና የ«በረ» ጥምርታ 3 ለ 1 እንዲሆን፣ ነጥብ «በ»ን እንጨምር። የ«በረመ» ስፋት ስንት ነው? የታችኛውን መስመር ብቻ መሠረት አድርጎ የለመደ ዓይን የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ወረቀቱን አዙሮ «ሀረ»ን እንደ መሠረት፣ «መ»ን እንደ ጫፍ መመልከት ይበጃል። ያን ጊዜ «በረመ» የ24 አንድ አራተኛ፣ ማለትም 6 ይሆናል፤ በሌላው ወገን «በለረ» የ16 አንድ አራተኛ፣ 4 ነው። ድምራቸው 10 ሲሆን፣ ይህም የ40 አንድ አራተኛ መሆኑ ስሌቱን ያረጋግጣል፤ «በለመ» እና «ሀለመ» መሠረታቸው አንድ ሆኖ ቁመታቸው 1 ለ 4 ነውና።

የሚጋሩት አንድ ማዕዘን ብቻ ከሆነ ማዕዘኑን የሚያቅፉትን ጎኖች ጥምርታዎች ማባዛት ያስፈልጋል። ትንሹ ጎነ ሦስት ከትልቁ አንዱን ጎን ግማሹን፣ ሌላውን ሁለት ሦስተኛውን ቢወስድ፣ ስፋቱ የትልቁ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ከመሠረቱ ትይዩ በሆነ መስመር የተቆረጠ ጎነ ሦስትም የዚሁ ደንብ አካል ነው፤ ለምሳሌ መስመሩ ጎኖቹን ከጫፉ ሁለት ሦስተኛ ርቀት ላይ ቢቆርጣቸው፣ ሁለቱም ጎኖች ወደ ሁለት ሦስተኛ ስለሚያጥሩ የላይኛው ጎነ ሦስት ስፋት የትልቁ አራት ዘጠነኛ እንጂ ሁለት ሦስተኛ አይደለም፤ ከታች የሚቀረው ክፍልም አምስት ዘጠነኛ በመሆኑ ከላይኛው ይበልጣል።