የተጣፈው ልብስ እንደገና ሲቀደድ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጡለት ግራና ቀኝ የተደረደሩት የልብስ ሰፊዎች መኪናዎች ናቸው። እኔ ግን በመኪና አልሰፋም። ያረጀ ልብስ በእጄ እጠግናለሁ፤ ቀዳዳውን ለመደበቅ ሳልታገል፣ ደማቅ ክር መርጬ፣ በጥልፍ። ከሚመጡልኝ ልብሶች ብዙዎቹ ታዲያ አንዴ ተጠግነው የተበላሹ ናቸው። ሰው ሲያመጣቸው የሚለውን እንዳለ አስቀምጬ፣ ምክንያቱንና መላውን ልንገራችሁ።

«መጣፊያው ደህና ነው፣ ዙሪያው ተቀደደ»

ከሁሉ በላይ የምሰማው ይህን ነው፤ በራሴም ደርሷል። መጀመሪያ የጠገንኩት የወንድሜን ጅንስ ነበር። ጉልበቱ ላይ አዲስ ወፍራም ጨርቅ አድርጌ፣ ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት። ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ በስፌቱ መስመር ልክ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበጥሶ መጣ። መኪና ግርግር ላሉ አንድ ሽማግሌ ሰፊ ወስጄ አሳየኋቸው። ወደ በሩ ዞር ብለው ጨርቁን በብርሃን አዩትና፣ «ልጄ፣ ቀዳዳውን ነው የጣፍሽው፤ ያለቀውን አልጣፍሽም» አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ልብስ በአንድ ቦታ ብቻ አያልቅም። መሃሉ ሲቀደድ ዙሪያው ነትቧል፣ ግን ገና አልተበሳም። በዚያ በሳሳው ላይ መርፌ ደጋግማችሁ ስትወጉ ለመቀደድ ሰበብ ትሰጡታላችሁ። መጣፊያው ደግሞ ከልብሱ ከወፈረ፣ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ደካማውን ጨርቅ እየጎተተ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ልብሱን በመስኮት ወይም በአምፖል ፊት ዘርጉት። ብርሃን የሚያሳልፈው ሁሉ ያለቀ ነው። ዳርቻውን በደረቀ የሳሙና ስባሪ አስምሩ፤ መጣፊያው ከዚያ መስመር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር አልፎ ጤነኛው ጨርቅ ላይ መድረስ አለበት። ከልብሱ ጋር እኩል ወይም ሳሳ ያለ ጨርቅ ምረጡ፤ ከስር አስገቡትና በስፒል ያዙት። ከዚያ ዙሪያውን ብቻ ሰፍቶ መተው የለም። ከዳር እስከ ዳር፣ ቀዳዳውንም የሳሳውንም አቋርጦ፣ መርፌ ወጣ ገባ እያለ ጎን ለጎን ይመላለሳል። ጃፓኖች ሳሺኮ የሚሉት ስፌት በዚህ ነው የሚሰራው፤ ከላይ የሚታየው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከስር የሚቀረው አጠር ያለ፣ 3 ለ 2 ገደማ። ጌጥ ነው፣ ግን ጉተታውን ለብዙ መስመር ስለሚያካፍለው አንድ ቦታ ላይ አይበጠስም።

መስመሮቹን መጨረሻ ላይ አንድ ወጥ ቁመት ላይ አታቁሟቸው። አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ይበል። እኩል ከቆሙ ያው የቴምብሩ ነገር ይመጣል።

«ተጨማዶ ቀረ»

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ የቱ እንደሆነ የሚለየው ጊዜው ነው። ገና እየሰፋችሁ ከተጨማደደ ክሩን አጥብቃችሁ እየሳባችሁ ነው። መስመር ጨርሳችሁ ወደ ቀጣዩ ስትዞሩ ከጀርባ ትንሽ ክር አላልታችሁ ተዉ፤ በየመስመሩ መጨረሻም ጨርቁን በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። ስትሰፉ ደህና ሆኖ ከታጠበ በኋላ ከተጨማደደ ግን መጣፊያው ነው የተሰበሰበው። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይገባል፤ ቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አስጡት። አሁን መላው መፍታት ብቻ ነው፤ ካውያ አያድነውም።

ጉልበት ላይ ሌላም አለ። ሱሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከሰፋችሁት፣ ሲቀመጡበት ይወጠራል። ለባሹ ካለ አልብሱትና ጉልበቱን አጥፎ ሳለ ስፒሉን እዚያው ውጉ። (ቀስ ብላችሁ። ወንድሜ እስካሁን ያነሳብኛል።)

«ቀዩ ክር ነጩን አበላሸው»

ርካሽ ደማቅ ክር፣ በተለይ ቀይና ጥቁር፣ ቀለሙን ይለቃል። ከመስፋታችሁ በፊት ክሩን በእርጥብ ነጭ ጥጥ ጨመቅ አድርጋችሁ ያዙ። ጥጡ ከቀላ ክሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየቀያየራችሁ ውሃው እስኪጠራ ንከሩት። ካልጠራ ነጭ ላይ አታውሉት። ቀለሙ ነጩን ከነካው በኋላም ልብሱ እንዳይደርቅ፤ ፀሐይም ካውያም ሳይነካው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። አንዴ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

«ሹራቡን ሰፋሁት፣ ቀዳዳው ሰፋ»

ሹራብ የተሸመነ ሳይሆን የተያያዘ ቀለበት ነው። አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ከላይና ከታች ያሉት ይፈታሉ፤ አፉን አገናኝታችሁ ብትሰፉት ደግሞ ጉተታው ጎረቤቱን ይፈታል። ቀዳዳውን አትዝጉት፣ ሸምኑት። ከስሩ የቡና ስኒ ገልብጣችሁ አስገቡና ጨርቁን ሳትወጥሩ ዘርጉት። ከቀዳዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ጀምሩና የተለቀቁትን ቀለበቶች እየያዛችሁ ድሩን በቁመት ዘርጉ። ቀጥሎ በሌላ ቀለም ማጉን በአግድም አስገቡ፤ አንዱን ድር ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ በመልሱ ገልብጣችሁ። በየመርፌው ማጉን ወደ ታች ጠቅጠቅ አድርጉት። ክሩ ከሹራቡ ክር ጋር ውፍረቱ ይቀራረብ። ካልሲ ከሆነ ቋጠሮ አታስሩ፣ እግር ይልጣል፤ ጫፉን ወደ ስፌቱ መልሳችሁ ደብቁት።

«ብብቱ እንደ ወረቀት ተቀደደ»

ድሬዳዋ ሙቀት ወርደው የሚሰሩ ሰዎች ሸሚዝ ነው። ላቡ ሳይታጠብ ሲያድር ጨርቁን ያደክመዋል፤ በስፌት የሚያዝ ነገር የለውም። ያለቀውን ቆርጣችሁ አውጡና በምትኩ የሌላ ቀለም የጥጥ እራፊ አስገቡ። እጅ ሲነሳ ብቻ ብልጭ የሚል ቢጫ ቆንጆ ነው።

«የከሰል ፍንጣሪ በሳው»

መጀመሪያ ጨርቁ ምን እንደሆነ እወቁ። ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዛችሁ ለኩሱት፤ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፣ ቀልጦ ጠጣር ጉብታ ከሰራ ፖሊስተር ነው። የፖሊስተር ቀዳዳ ጠርዙ ስለሚደርቅ ክር ይበላል፤ ደረቁን በትንሽ መቀስ ቆርጣችሁ አውጡና ጠርዙን ዘምዝሙት። ድሪያ፣ ያ ስስ ሰፊ ቀሚስ፣ ላይ መጣፊያ አታድርጉ፣ ይከብደዋል። ቀዳዳዋን በክር ዙሪያዋን ከባችሁ አበባ አድርጓት፤ አንድ ብቻ ስትሆን አደጋ ስለምትመስል ሁለት ሦስት ተጨማሪ ጣል ጣል አድርጉ።

«ድሪቶ መሰለ»

እናቴም ይህንኑ ብላኛለች። ልብሱ ድሪቶ የሚመስለው ጥገናው ስለታየ አይደለም፤ ሊደበቅ ሞክሮ ስላልተሳካለት ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ሊመሳሰል ጥቂት የቀረው ሰማያዊ ክር ከሩቅ ስህተት ይመስላል፤ ብርቱካናማው ግን ተፈልጎ የተደረገ መሆኑ ያስታውቃል። የሐረሪ እናቶች ሱሪ ከታች ባቱ ላይ በጥልፍ ያጌጣል፤ ጥልፉ ያረፈው ጠርዙ ላይ፣ መሬትና ጫማ በሚነካው በኩል ነው። እኔም የተጨራረሰ የሱሪ ጫፍ ሲመጣልኝ አንዱን እግር ብቻ አልጠግንም። ሁለቱንም እጠልፋለሁ።

የጥልፍ ክር አንዱ ዘለላ ስድስት ቀጫጭን ክር ነው። ለሸሚዝ ሁለቱን፣ ለጅንስ አራቱን ለዩ፤ ከክንዳችሁ ርዝመት በላይ አትቁረጡ፣ ይተበተባል።

በብርሃን ስታዩት ከዳር እስከ ዳር የሳሳ ልብስ ከመጣ እኔ አልቀበልም። ግን አይጣልም። ቤንጋሎች ካንታ የሚሉትን በእጅ የተሰፋ ድርብ ጨርቅ የሚሰሩት ያረጀ ሳሪ ደራርበው ነው፤ የታጠበና የለሰለሰ ጨርቅ አይሰበሰብም፣ አይጎትትም። ከኪሱ ስርና ከኮሌታው ጀርባ ጤነኛውን ቁረጡና ለሚቀጥለው መጣፊያ አስቀምጡ። አዝራሩንም ንቀሉ።