ምጣዱ አልግል ሲል፦ በሽታውን ከቮልትና ከአምፔር ማግኘት

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ለጥገና ስጠራ መጀመሪያ የምሰማው «ምጣዱ ሞቷል» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምጣዱ ደህና ነው፤ የታመመው ወደ እሱ የሚመጣው መስመር ነው። ስለዚህ አዲስ ምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ምጣዱ እየሠራ ሳለ ሁለት ቁጥር ይለካላችሁ፤ ምጣዱ ጋ የደረሰው ቮልት (ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ጉልበት) እና በሽቦው የሚያልፈው አምፔር (የኤሌክትሪኩ ፍሰት መጠን)። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል የምጣዱን ሽቦ ተቃውሞ በኦም ይሰጣል፤ ሲባዛ ደግሞ ዋቱን፣ ማለትም የሙቀቱን ኃይል። መለኪያውን የሚይዘው ግን የለመደ ባለሙያ ይሁን፤ 220 ቮልት ይገድላል።

3500 ዋት የተባለ ምጣድ በ220 ቮልት 15.9 አምፔር ይስባል። 220 ÷ 15.9 = 13.8 ኦም። ይህን ቁጥር ምጣዱ ጤነኛ ሳለ አንድ ቦታ ጻፉት። በኋላ ሲያስቸግር የምታመሳክሩት እሱን ነው።

ምልክት፦ ምጣዱ ዘግይቶ ይግላል፤ እንጀራው ዐይን አያወጣም

ፍኖተ ሰላም አንዲት እናት «ልጄ፣ ሊጤ ነው ወይስ ምጣዱ?» ብለው ጠየቁኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ምጣዳቸው ነበር። ስለካው 178 ቮልትና 12.9 አምፔር አገኘሁ። 178 ÷ 12.9 = 13.8 ኦም፤ ሽቦው ምንም አልሆነም። ዋቱ ግን 178 × 12.9 = 2296 ብቻ ነው። ቮልቱ የወረደው በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲሆን ሙቀቱ የቀነሰው በአንድ ሦስተኛ ነው። ቮልት ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ስለሚወርድ ዋቱ ሁለት ጊዜ ይመታል። እኚህ እናት ሊጣቸውን ሲወቅሱ የከረሙት በዚህ የተነሳ ነው።

ቀጥሎ ምጣዱ ሳይጠፋ ቆጣሪው ጋ ለካሁ፤ 214 ቮልት። ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ 36 ቮልት የት ገባ? 36 ÷ 12.9 = 2.8 ኦም። ርቀቱ ሃያ ሜትር፣ ገመዱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነበር፤ እንዲህ ያለ ገመድ ደርሶ መልስ 0.3 ኦም እንኳ አይሞላም። የቀረው 2.5 ኦም ገመድ ሊሆን አይችልም፤ የላላ መጋጠሚያ ነው። መስመሩ ላይ የሚባክነውም 36 × 12.9 = 464 ዋት ነው፣ አብዛኛው በአንድ ነጥብ፣ ግድግዳ ውስጥ። ይህ ከእንጀራው ይበልጥ አስደነገጠኝ፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነውና።

ዋናውን ብሬከር አጥፍተን የማገናኛ ሳጥኑን ስንከፍት አንዱ ጫፍ ከስሎ አገኘነው። የከሰለውን ቆርጠን፣ ንጹሑን መዳብ አውጥተን በአዲስ ማገናኛ አጥብቀን አሰርነው። ከዚያ 209 ቮልትና 15.1 አምፔር ሆነ፤ 3156 ዋት። እንጀራው ያን ዕለት ዐይን አወጣ።

ቆጣሪው ጋም ቮልቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ችግሩ ከውጭ ነው። ሰዎች «ጢስ ዓባይም በለስም ከአጠገባችን እያመነጩ ለምን ይደክማል?» ይሉኛል። የማመንጫው ቅርበት አይደለም የሚወስነው፤ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤታችሁ ያለው ቀጭን ወይም ረጅም መስመር፣ በዓል ዋዜማ ደግሞ ሁሉም ጎረቤት በአንድ ሰዓት መጋገሩ ነው። መፍትሄው ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ቢሮ ማመልከትና እስከዚያው ማለዳ ወይም ሌሊት መጋገር ነው። ለምጣድ ስታቢላይዘር (የወረደ ቮልት ከፍ አድርጎ የሚያስተካክል መሣሪያ) ግዙ አልልም፤ ከደከመው መስመር ጭራሽ ብዙ አምፔር ስቦ ያባብሰዋል።

ምልክት፦ ከጥገና በኋላ ብሬከሩ ይዘላል

የምጣዱ ሽቦ ሲበጠስ ከፊሉ ተቆርጦ መልሶ ታስሯል? አንድ አምስተኛው ከተቀነሰ 13.8 ኦም የነበረው 11 ይሆናል። 220 ÷ 11 = 20 አምፔር፤ 4400 ዋት። ሽቦ ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ አምፔሩም ይጨምራል። ባለ 16 ብሬከር መዝለሉ ሥራው ነው። እባካችሁ ብሬከሩን በ25 አትቀይሩት፤ የሚቃጠለው ገመዱ ይሆናል። መፍትሄው በልኩ አዲስ የምጣድ ሽቦ ማስገባት ነው።

ምልክት፦ ስፒናው ይግላል፣ ይቀልጣል

ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ ሲላላ 5 ቮልት እዚያው ይቀራል እንበል። በ15 አምፔር 5 ÷ 15 = 0.33 ኦም፤ ከቁጥር የማይገባ ይመስላል። ዋቱ ግን 5 × 15 = 75 ነው። የድሮው ባለ 75 አምፖል ሲበራ በእጅ እንደማይያዝ አስቡ፤ ያ ሙቀት በትንሽ ስፒና ውስጥ ታፍኗል። ሶኬቱንም ስፒናውንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር አሮጌው አዲሱን እንዲያቃጥለው ማድረግ ነው። ምጣድን በማከፋፈያ መሰካትም ይቅር።

ምልክት፦ ቁጥሩ ራሱ አልገጥም ይላል

ቮልቱ 220፣ አምፔሩ 0 ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል። ምጣዱ እየጋለ ክላምፕ ሜትሩ (ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካው መሣሪያ) 0 ካለ ግን መለኪያው ሁለቱንም ገመድ አቅፏል ማለት ነው፤ ሂያጁና መላሹ ፍሰት እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አንዱን ብቻ ያቅፍ።

ባለ 5 ቮልት ቻርጀር ላይ 2000 ሚሊ አምፔር ተጽፎ ከሆነ በመጀመሪያ ለ1000 አካፍሉ፤ 5 × 2 = 10 ዋት። የባለ ክር አምፖልን ተቃውሞ ሳይበራ አትለኩ፤ ባለ 100 ዋቱ በርቶ 484 ኦም ሲሆን ቀዝቅዞ ግን የዚያ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። የምጣድ ሽቦ እንዲህ ብዙ አይለዋወጥም፣ ቀዝቅዞም ቢለካ ያስተማምናል። የወፍጮ ሞተርና ፍሪጅ ላይ ደግሞ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል፤ ለእነሱ ዋቱን በቀጥታ የሚያነብ መለኪያ ያስፈልጋል።