ልጆችና ውሻ ይዞ በሠራዊት ዝውውር ወደ ጀርመን መብረር

የአሜሪካ ሠራዊት አባል የሆነ ሰው ወደ ባሕር ማዶ የሚያዛውረው ትእዛዝ ሲደርሰው፣ ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ዕቃ ጭነት ነው። ውሻው የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ የበረራው ቀን ከታወቀ በኋላ ይሆናል። እኛም ያደረግነው እንዲሁ ነበር። ይሁን እንጂ ከተጓዦቹ ሁሉ ይልቅ በቀን ቆጠራ የታሰረው ውሻው ነው፤ ለሰው የጎደለን ወረቀት በልመናና በስልክ ማፋጠን ሲቻል የክትባትን ቀን ግን ማንም ሊያፋጥነው አይችልም። ስለዚህ ትእዛዙ እንደሚመጣ በተሰማ ቀን፣ ወረቀቱ እጃችሁ ከመግባቱም በፊት፣ የውሻውን ሰነዶች አውጥታችሁ መርምሩ።

እዚህ የምገልጸው ከባልቲሞር ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ጀርመን ውስጥ ራምሽታይን በተባለው የአሜሪካ አየር ኃይል ጦር ሰፈር የሚያርፈውን መንገድ ነው፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር የኢትዮጵያ ተወላጆች የሚቀርበው እርሱ ነውና። ወደ ጃፓን ለሚሄዱ ቤተሰቦች የሚለየውንም እጠቅሳለሁ።

ቺፑ ከክትባቱ ይቀድማል

የአውሮፓ ኅብረት ውሻን ለማስገባት የሚጠይቀው ሦስት ነገር ሲሆን፣ ሦስቱም ቅደም ተከተላቸውን መጠበቅ አለባቸው። መጀመሪያ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር የያዘ፣ ዓለም አቀፉን መለኪያ የሚያሟላ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ይቀበራል። ቀጥሎ በዚያው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣል፤ ለዚህም ውሻው ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው መሆን አለበት። ከዚያ ይህ የመጀመሪያ ክትባት ከሆነ 21 ቀን ተቆጥሮ የጤና የምስክር ወረቀቱ ይሞላል። ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት፣ ምንም ያህል በትክክል የተሰጠ ቢሆን፣ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም መርፌው የተወጋው ቺፑ የሚያመለክተው ያው ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

የእኛ ውሻ በቡችላነቱ በሰፈራችን ክሊኒክ ተከትቦ ነበር፤ ቺፑ የተቀበረለት ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። በረራችን አምስት ሳምንት ሲቀረው የሠራዊቱ የእንስሳት ሐኪም ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ መጀመሪያ አንዱን ቀን፣ ከዚያ ሌላውን አሳየችን፤ ምንም ማብራሪያ አላስፈለገንም። በዚያው ሰዓት እንደገና ተከተበና 21ዱ ቀን ከዚያ ጀምሮ ተቆጠረ። ሦስት ሳምንት ዘግይተን ሄደን ቢሆን ኖሮ ልጆቻችን ከውሻቸው ተለያይተው ይሳፈሩ ነበር። ያ ክሊኒክ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ወደ አውሮፓ እንደምንሄድ ማንም አልነገረውም።

በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ ውሾች 9 ወይም 10 አኃዝ ያለው የቆየ ቺፕ አላቸው፤ የአውሮፓ ማንበቢያ መሣሪያ ላያነበው ስለሚችል ሁለተኛ ቺፕ ማስቀበርና ክትባቱን ከዚያ በኋላ መድገም የተሻለ ነው። ሐኪሙ ቺፑን በመሣሪያ ሲያነብ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ።

የጤና የምስክር ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እስከ መግቢያው በር ድረስ የሚያገለግለው 10 ቀን ብቻ ነው። በግል የሚሠራ ሐኪም ከሞላው፣ ሐኪሙ በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ የተሰጠው መሆን አለበት፤ ወረቀቱም ለማኅተም ወደ ሚኒስቴሩ ይላካል። የሠራዊቱ የእንስሳት ሐኪም ከሞላው ግን ያ ተጨማሪ ማኅተም አያስፈልግም። በ10 ቀን ውስጥ መላኪያና መመለሻ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ስለማውቅ፣ በቤዙ ክሊኒክ ቀጠሮ ማግኘት አስቸጋሪ ቢሆንም እንኳ በጊዜ ደውላችሁ ተመዝገቡ እላለሁ። ባለቤቱና ውሻው አብረው የማይበሩ ከሆነም በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ5 ቀን መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ጉዞው እንደ ንግድ ጭነት ይቆጠርና ሌላ ሕግ ይመለከተዋል።

ጀርመን ፒት ቡል ቴሪየር፣ አሜሪካን ስታፎርድሻየር ቴሪየር፣ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየርና ቡል ቴሪየር የተባሉትን ዝርያዎችና ከእነርሱ የተዳቀሉትን እንዳይገቡ ትከለክላለች። ከመጠለያ ወስዳችሁ ያሳደጋችሁት ውሻ በክትባት ወረቀቱ ላይ በግምት ከእነዚህ አንዱ ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

ወደ ጃፓን የሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ ከዚህ በጣም የረዘመ መንገድ አለው። ከቺፑ በኋላ ቢያንስ በ30 ቀን የተራራቁ ሁለት ክትባቶች፣ ከዚያ የደም ምርመራ፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን አንሥቶ ደግሞ 180 ቀን መጠበቅ ይጠየቃል፤ ለጃፓን የእንስሳት ኳራንቲን ክፍልም ከመድረሳችሁ 40 ቀን በፊት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ግማሽ ዓመቱ በቤታችሁ ካልተቆጠረ ውሻው የቀረውን ቀን በኳራንቲን ይጨርሰዋል።

የአውሮፕላን ቦታ

ሠራዊቱ ተከራይቶ የሚያበርራቸው፣ ፓትሪየት ኤክስፕረስ የሚባሉት አውሮፕላኖች ውሻና ድመት ይቀበላሉ። ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ሁለት እንስሳ ሲሆን፣ እንስሳው ከነሳጥኑ ከ150 ፓውንድ፣ ማለትም ከ68 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም በክብደት ነው። በእያንዳንዱ በረራ ላይ ለእንስሳት የሚያዘው ቦታ ጥቂት በመሆኑ ቀድሞ የጠየቀ ያገኛል፤ ሙቀት በሚበዛበት በአሜሪካ በጋ ደግሞ ዝውውሩ ሁሉ ስለሚደራረብ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ትእዛዙ በወጣ ዕለት ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ የውሻውን ዝርያ፣ ክብደትና የሳጥኑን መጠን በቁጥር አስመዝግቡ። ሳጥኑን ገና አልገዛንም ብላችሁ አትዘግዩ፤ ውሻውን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር፣ ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ ለኩና በዚያ መሠረት መጠኑን ተናገሩ። ውሻው ሳጥኑ ውስጥ ሳይጎብጥ መቆም፣ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት መቻል አለበት።

ቦታ ከሌለ በመደበኛ አየር መንገድ መብረር ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አየር መንገዶች ሙቀቱ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ እንስሳ አይጭኑም፣ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ቡልዶግና ፓግ ያሉ ዝርያዎችን ደግሞ ጭራሹኑ የማይቀበሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ወደ ባሕር ማዶ የሚዛወር የሠራዊት አባል ለአንድ ውሻ ወይም ድመት ካወጣው ወጪ እስከ 2,000 ዶላር ማስመለስ ይችላል፤ ግዴታ የሆነው ቺፕ፣ የደም ምርመራና የጭነት ክፍያ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የመንግሥቱ በረራ ቦታ እያለው ትታችሁት ከሆነ ግን የማጓጓዣው ወጪ አይመለስም፤ ስለዚህ ቦታ የለም የተባላችሁበትን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉና ከደረሰኞቹ ጋር አኑሩት።

የልጆቹ ወረቀትና የእኛ ስም አጠራር

በዚህ ላይ ብዙ የምቆየው የእኛን ማኅበረሰብ በተለይ ስለሚመለከት ነው። በእኛ ልማድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ እናት ደግሞ የራሷን አባት ስም ይዛ ትኖራለች። አባት ቀድሞ ሄዶ እናት ልጆቹን ይዛ ስትከተል፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የመዝጋቢዋ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ሳይመሳሰል መቅረቱ ላይ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት ዋናውን፣ የጋብቻውን ወረቀትና አባት በውልና ማስረጃ ፊት የፈረመበትን የጉዞ ፈቃድ ደብዳቤ በአንድ ማኅደር ያዙ። ከዚህም ሌላ ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩን ይለዋውጣል፤ «ፀ» በአንዱ ሰነድ በሁለት፣ በሌላው በሦስት ፊደል ይጻፋል። በዝውውር ትእዛዙ፣ በፓስፖርቱና በበረራ ማረጋገጫው ላይ ያለውን የልጆቹን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የታረመ ትእዛዝ ለማግኘት ሳምንታት ይወስዳልና ስሕተቱን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከምታገኙት ቤታችሁ ብታገኙት ይሻላል።

ሠራዊቱ ለቤተሰብ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ፓስፖርት የሚያገለግለው ወደ ምድቡ ቦታ ለመሄድና ለመመለስ ነው። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ስላለ፣ ከጀርመን ሆኖ አያቶችን መጠየቅ ከአሜሪካ ይልቅ ይቀላል፤ ለዚህ ግን መደበኛው ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አመልክቱ። ልጁ ከ16 ዓመት በታች ከሆነ ሁለቱም ወላጆች መቅረብ አለባቸው፤ አንዱ በግዳጅ ላይ ከሆነ ዲኤስ-3053 የተባለውን የወላጅ ስምምነት ቅጽ በሕጋዊ ምስክር ፊት ፈርሞ ይልካል።

የትዳር ጓደኛዋ ወይም የትዳር ጓደኛው በግሪን ካርድ የሚኖር ከሆነ፣ በዝውውር ትእዛዙ ላይ ስሙ በግልጽ መስፈሩን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ መሠረት፣ ወታደሩን እንዲያጅብ ተፈቅዶለት ባሕር ማዶ የሚኖር የትዳር ጓደኛ ያሳለፈው ጊዜ ለዜግነት ሲያመለክት አሜሪካ እንደኖረ ይቆጠርለታል። ብዙ እህቶቻችን ግሪን ካርዴ ይቃጠላል ብለው ከባላቸው ተለይተው ሲቀሩ አይቻለሁ፤ ሕጉን ቢያውቁት አይቀሩም ነበር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች አያት ልጆች ለመጠበቅ አብራ እንድትመጣ የምታስቡ ከሆነ ግን፣ ስሟ በትእዛዙ ላይ ከሌለ በሠራዊቱ በረራ አትሳፈርም፤ ግሪን ካርድ ቢኖራትም የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋታል።

የጉዞው ቀን

ሳጥኑን ከበረራው ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብላችሁ ሳሎን ውስጥ በሩን ከፍታችሁ አስቀምጡትና ውሻው ምግቡን እዚያ እንዲበላ አድርጉ። የእኛ ውሻ በመጀመሪያው ሳምንት አንገቱን ብቻ አስገብቶ ይበላ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት ሳንጠራው ገብቶ መተኛት ጀመረ። ከሥሩ ያነጠፍኩለት የራሴን ያረጀ ነጠላ ነው፤ ሳላጥበው፣ ቤታችን እንደሚሸት እንዲሁ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት አትስጡ፤ ከፍታ ላይ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ስለሚያውክ አየር መንገዶችም ሐኪሞችም አይደግፉትም።

ዋናውን ምግብ ከበረራው አራት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ አቅልላችሁ ስጡት። የውሃ ሳህኑን ሌሊቱን በረዶ አድርጉት፤ ሲጫን አይፈስም፣ መንገድ ላይ እየሟሟ ይጠጣል። ፍተሻ ላይ ውሻው ከሳጥኑ ወጥቶ ሳጥኑ ለብቻው ስለሚፈተሽ የውሻው የአንገት ማሰሪያ ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ይሁን፤ በሩን መልሳችሁ የምታጠብቁበት ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያም ያዙ። ሥራ ክፍፍሉም አስቀድሞ ይታወቅ፦ አንዱ ወላጅ ከውሻው ጋር፣ ሌላው ከልጆቹ ጋር ይቁም። እናት ብቻዋን ከሆነች ወንድም ወይም ጎረቤት እስከ መዝገቡ ድረስ ይሸኛት።

ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ እስከ 70 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ። ቋንጣ፣ አይብና ንጥር ቅቤ ግን አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ሥጋ ያለበት የውሻ ምግብም እንዲሁ። በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም። የልጆቹን የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃና ለአንድ ወር የሚበቃ መድኃኒት ከእጃችሁ እንዳይለይ። አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ ጆሯቸውን እንዳያማቸው ለትልልቆቹ ዳቦ ቆሎ፣ ለሕፃኑ ጡት ወይም ጡጦ ይበጃል። በረራው ስምንት ሰዓት ያህል ነው፤ ጀርመን ከምሥራቅ አሜሪካ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም ልጆቹ እኩለ ሌሊት በሚመስላቸው ሰዓት ጧት ላይ ይወርዳሉ።

ከደረሳችሁ በኋላ

ቤት እስክታገኙ የምትቆዩበት የሠራዊቱ ማረፊያ ለውሻ የሚፈቅዳቸው ክፍሎች ጥቂት ናቸውና ከበረራው ቦታ ጋር አብራችሁ ያዙት፤ ካልሆነ በአካባቢው የውሻ ማቆያ አስቀድማችሁ አስመዝግቡት።

አዲስ አበባ ዘመድ ለመጠየቅ ስትሄዱ ውሻውን ጀርመን ተዉት። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትቆጠር፣ ከመሄዱ በፊት የደም ምርመራ ያላደረገ ውሻ ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመመለስ ከምርመራው በኋላ ሦስት ወር ይጠብቃል። ወደ አሜሪካ ስትመለሱም ውሻው ያለፉትን ስድስት ወራት የት እንደነበረ ይጠየቃል፦ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ውሻው ዕድሜው ስድስት ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለውና የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የመግቢያ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት፤ በእነዚያ ወራት ኢትዮጵያ ገብቶ ከነበረ ደግሞ የክትባቱ ማረጋገጫ በተለየ ቅጽ ይጠየቃል።