ለቤቱ ሰው የሚገዛ አበባ፦ አመራረጡ፣ አያያዙና ቦታው

በአዲስ አበባ በብዙዎቻችን ቤት እቅፍ አበባ የሚገባው ሠርግ፣ ምርቃት ወይም ለቅሶ ሲኖር ነው። በሌላው ጊዜ በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው አቧራ የለበሰ የፕላስቲክ አበባ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ሆና፣ በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ እርሻዎች የሚለቀመው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ወደ ኔዘርላንድስ እየተጫነ፣ የራሳችን ቤት ከአበባ መራቁ ያስቆጫል። አበባ ለእንግዳ ክብር ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሰው ደስታ ሊገዛ ይገባዋል፤ ለዚህም ትልቅ እቅፍ አያስፈልግም፣ በወጉ የተያዙ 3 ወይም 5 ዘለላ ጽጌረዳዎች ይበቃሉ።

አበባ መንፈስን እንደሚያድስ በጥናት ጭምር ተፈትሿል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በሚገኘው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃኔት ሃቪላንድ ጆንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሳይጠብቁ አበባ የተበረከተላቸው ሴቶች ሁሉ ከልብ የመነጨ ፈገግታ እንዳሳዩ፣ ከ3 ቀን በኋላም ስሜታቸው ተሻሽሎ እንደተገኘ ገልጸዋል። አበባ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ላለበት ሰው የሐኪም እርዳታን አይተካም። ይሁን እንጂ ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ ዐይን የሚያርፍበት ሕይወት ያለው ነገር በቤት ውስጥ መኖሩ፣ ውኃውን መለወጥና ዘንጉን መከርከምም ራሱ፣ ቀኑን በረጋ መንፈስ ለመጀመር ይረዳል።

አበባ በእርሻው ላይ እንደተቆረጠ ወዲያው ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎም ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የዋለ አበባ በፍጥነት ስለሚደክም፣ በማለዳና ጥላ ውስጥ ከተቀመጠው መግዛት ይመረጣል። ጽጌረዳ ሲመርጡ እንቡጡን ከሥሩ በኩል በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ይንኩት፤ ጠንከር ካለ ትኩስ ነው፣ ከላላ ግን ቆይቷል። ጨርሶ የተዘጋ እንቡጥ ሳይፈነዳ ሊቀር ስለሚችል፣ ጫፉ መከፈት የጀመረውን ይውሰዱ። ከውጭ ያሉት አንድ ሁለት የአበባ ቅጠሎች ቢጎዱ አያሳስብም፤ እነርሱን መንቀል ይቻላል።

ቤት እንደደረሱ መጀመሪያ የአበባ ማስቀመጫውን በሳሙና ይጠቡ። አበባ ቶሎ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ውኃ አጥሮት ሳይሆን ውኃ መሳብ አቅቶት ነው፤ የዘንጉን ቀጫጭን የውኃ መተላለፊያዎች የሚደፍኗቸውም አየርና በቆሸሸ ውኃ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ በሳፋ ውኃ ይሙሉና፣ ዘንጉን ውኃው ውስጥ እንዳለ በተሳለ ቢላዋ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ይቁረጡት። ያልተሳለ መቀስ ዘንጉን ይጨፈልቀዋል። በሰያፍ መቁረጡ ደግሞ ዘንጉ ከማስቀመጫው ወለል ጋር ተጣብቆ እንዳይታፈን ያደርጋል። ከውኃው በታች የሚውሉትን ቅጠሎች ሁሉ ያራግፉ፤ ውኃን እንደበሰበሰ ቅጠል የሚያበላሽ ነገር የለምና። እሾሁን ግን መፋቅ አያስፈልግም፣ ልጡ ይቆስላል።

ስኳር ለአበባው ምግብ እንደሚሆነው ሁሉ ባክቴሪያውንም ስለሚቀልብ ለብቻው መጨመሩ አይበጅም። መጨመር የፈለገ ሰው በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ያድርግ፤ በረኪና ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ጎጂ ጋዝ ሊወጣው ስለሚችል ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። በእኔ ግምት ግን በየ2 ቀኑ ውኃውን ሙሉ በሙሉ መለወጥና ዘንጉን በጥቂቱ መከርከም ከማንኛውም ቅመማ ይበልጣል።

ጽጌረዳ ገና ሳይፈካ አንገቱን ከደፋ አለቀለት ብሎ መጣል ስሕተት ነው። ዘንጉ አየር ይዞበት ሊሆን ይችላል። እንደገና ውኃ ውስጥ ይቁረጡት፤ አበባውን ከነዘንጉ አቅንተው በጋዜጣ ይጠቅልሉትና እስከ አንገቱ ሊደርስ በተቃረበ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለ2 ሰዓት ያህል ያቁሙት። እንቡጡ ትኩስ ከነበረ፣ ጋዜጣው ሲፈታ አንገቱ ቀጥ ብሎ ይገኛል።

ቦታውን በተመለከተ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለእንግዳ ከሚከፈተው ሳሎን ይልቅ ቤተሰቡ የሚመገብበት ጠረጴዛ፣ የእናት አልጋ አጠገብ ወይም የወጥ ቤቱ መስኮት ጥግ ይሻላል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ፣ ምድጃና የፍሪጅ አናት አይስማሙትም። ሙዝና ማንጎ ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጡ አበባን ያለጊዜው ያረግፋሉ፤ ካርኔሽን የሚባለው አበባ በተለይ ይህን አይችልም። ይኸው ጋዝ በጭስ ውስጥም አለ። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ቀጤማው መሐል አበባ ማኖር ደስ ቢልም፣ ከሰሉና ዕጣኑ መጨስ ሲጀምሩ ማስቀመጫውን አንሥቶ ራቅ ማድረግ ይገባል። ድመት ያለበት ቤት ሊሊ አበባ ባይገባ ይመረጣል፤ ጥቂቱ እንኳ የድመትን ኩላሊት ይጎዳል።

ሐምሌና ነሐሴ፣ ሰማዩ ሲጠቁርና ቤቱ በቀን ሲጨልም፣ የቀለም ምርጫ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ደማቅ ቀይ ጽጌረዳ በደብዛዛ ብርሃን ጠቁሮ ይታያል፤ ቢጫና ነጭ ግን በዚያው ብርሃን ጎልተው ይወጣሉ። ማስቀመጫውን መስታወት ፊት ማድረግም 3ቱን ዘለላ 6 ያስመስላል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሜዳው ራሱ አደይ አበባ ይሰጣል፤ ጤዛው ሳይደርቅ ለቅሞ፣ ወዲያው ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አፉ ጠባብ በሆነ ብርጭቆ ማቆም ነው።

ዘንጉ በየጊዜው ሲከረከም ያጥራል። በዚህ ጊዜ አበባውን ከአንገቱ በታች ቆርጦ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ማድረግ፣ ወይም ውኃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ማንሳፈፍ ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ያኖረዋል። የረገፈውን ሳይውል ሳያድር ማንሣት ያስፈልጋል፤ ባዶውንም ማስቀመጫ በሳሙናና በበረኪና አጥቦ፣ በደንብ አለቅልቆና አድርቆ ማስቀመጥ ነው፤ አለበለዚያ ቀጣዩ አበባ ያለፈውን ቆሻሻ ይጠጣል።